የተመለሰው ብርድ ልብስ

ክብሪት እጇን ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ስትጎትት አንድ ጫማ ወጣ። አንድ ብቻ፣ የግራ እግር። ጥንዱን ፍለጋ ጆንያውን ገልብጣ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የወጣው ግን ቁልፎቹ የረገፉ ካፖርት፣ ላቡ ሳይደርቅ የታጨቀ ቱታና ላስቲኩ የላላ የወንድ የውስጥ ሱሪ ነበር። ሽታው የስፖርት አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው።

«ኧረ በናትሽ መልሽው!» አለች ማይክ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፍና።

ማይክ የልብ ጓደኛዋ ናት። የትምህርት ቤቱን ዝግጅት ሁሉ የምትመራው እሷ ስለሆነችና ማይክሮፎን ከእጇ ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላት። ክብሪትን ደግሞ ክብሪት ያሰኟት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቅጥነቷና ቶሎ መቀጣጠሏ።

«የውስጥ ሱሪ!» አለች ክብሪት በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ። «ሰው ቤቱ ተደርምሶበት፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ፣ የማያውቀው ሰው ያወለቀውን የውስጥ ሱሪ ነው የሚጠብቀው? እ?»

የመሬት መንቀጥቀጡ የደረሰው ከጂኦግራፊ መጽሐፍ በቀር ስሙን ሰምተውት በማያውቁት ሩቅ አገር ነበር። ከተማው ሕዝቡ እንደተኛ ነው የተደረመሰው። ሳምንቱን ሙሉ የሁሉም ሰው ስልክ ላይ የሚታየው ያው ነበር፤ እንደ ወረቀት የተደራረበ ፎቅ፣ አቧራ የለበሱ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ሴትዮ። ሴትዮዋ በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ በእጆቿ ካልሲ እንደ ጓንት አጥልቃ፣ አፏን ወደ አንድ ስንጥቅ አስጠግታ ትጣራለች። አንድ ቃል ነው የምትደጋግመው። ክብሪት ቋንቋውን ባታውቀውም ቃሉ የሰው ስም መሆኑ ገብቷታል። ቪዲዮውን ደጋግማ ከማየቷ የተነሳ ያ ስም የክፍሏ ልጅ ስም ያህል ለምዷታል።

ትምህርት ቤቱ «ልብስና ብርድ ልብስ እንሰብስብ» ሲል እጇን ቀድማ ያወጣችው እሷ ናት። በሰፈሯ ከበር በር እየዞረች፣ በፌስታል የታሰረውን ሳትፈታ እየተቀበለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች አንገቷን ስትሰብር ነው የዋለችው። አሁን ፌስታሉ ሲፈታ ለምን እንደዚያ አንገቷን እንደሰበረች ስታስበው ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«አታካብጂ አቦ» አለች ማይክ። «ሁሉን ነገር ያጣ ሰው እኮ ያገኘውን ቢለብስ ደስ ነው የሚለው።»

ይሄ አነጋገር ነው የጫራት።

ክብሪት ለዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ነግራ የማታውቀው ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ሳለች የነበሩበትን ሰፈር ጎርፍ ወስዶታል። ከእናቷ ጋር የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሥር፣ ወለል ላይ አድረዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጆንያ መጣ። ለእናቷ የደረሳት ዚፑ የተበጠሰ የሚያብረቀርቅ የምሽት ቀሚስ ነበር። ሌላ ደረቅ ልብስ ስላልነበራት ወገቧን በገመድ አስራ በዚያ ቀሚስ ለዳቦ ተሰለፈች። ሰልፉ ሳቀ። አንድ ሰውዬ ፎቶ አነሳት። ክብሪት ያን ሁሉ ጊዜ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር።

«ደስ አይለውም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ስታደርገው ነው የሚያስፈራው። «ልንገርሽ? ደስ አይለውም።»

ከዚያ መለየት ጀመረች። የሚለበሰውን በአንድ ወገን፣ የማይለበሰውን በሌላ ወገን። የቆሻሻው ክምር እያደገ፣ የደህናው እያነሰ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ሲገቡ ቆሻሻው ከወገቧ በላይ ደርሶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማይላክ ነው መምህር።»

«ማነው የማይላክ ያለው?» ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ነገ ጠዋት የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ይመጣል። ጋዜጠኛም ይመጣል። ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት መኪና ሙሉ ሰብስቧል እየተባለ እኛ በዚህ ልንታይ ነው? ሁሉም ወደ ጆንያው ይመለስ። ደህና ደህናውን ከላይ አድርጉት።»

«ጆንያው እዚያ ሲደርስ ይገለበጣል እኮ» አለች ክብሪት። «ያኔ ከታች ያለው ከላይ ይሆናል።»

ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቃቸውን አፈኑ። የርዕሰ መምህሩ ጆሮ ቀላ።

«ሥርዓት ያዢ! መስጠት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሰጪውን ሞራል መንካት አያስፈልግም። እንደተመለሰ ቆጥሬ ነው የምወጣው» ብለው ወጡ።

ክብሪት ወደ ማይክ ዞረች። ማይክ ግን ጎንበስ ብላ ቱታውን በጫፉ እየያዘች ጆንያው ውስጥ መክተት ጀምራ ነበር።

«አንቺም?»

«ምን ላድርግ? ነገ ንግግር አድራጊዋ እኔ ነኝ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ምን ልበል? ‹ውድ ተመልካቾች፣ ክብሪት ጣለችው› ልበል?»

«ለካሜራው ነዋ የምትሰበስቢው።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ቅድስት ነሽ!» ማይክ ቱታውን ወረወረችው። «ሁልጊዜ አንቺ ብቻ የገባሽ፣ እኛ ፋራዎች! ሰለቸኝ።»

ክብሪት ባዶ ጆንያ አነሳች። ከሰፈሯ የመጣውን፣ በእጇ የተቀበለችውን፣ የማንነቱን የምታውቀውን እየመረጠች አጨቀችበት። ትከሻዋ ላይ ጥላው በሩን በእግሯ ከፍታ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ቤት ነው። ትልቁ የብረት በር ላይ ደውሉን ተጭና ጣቷን አላነሳችም። የነጋዴው ሚስት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ከፈቱ።

«እንዴ፣ ደግሞ መጣሽ? ሰጠን እኮ!»

«ልቀበል አይደለም እትዬ። ልመልስ ነው የመጣሁት።» ፌስታሉን ከጆንያው አውጥታ ዘረጋችላቸው። «ይሄ በስህተት የመጣ መሰለኝ። የውስጥ ሱሪ አለበት።»

ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«ስጦታ ይመለሳል? የት አገር ነው የተማርሽው? ሠራተኛዋ ናት ያዘጋጀችው፣ እኔ መቼ አየሁት! ደግሞስ ሞልቶኝ ነው የምሰጠው?»

ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ውሻቸው ወፍራም ንጹህ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሞ ነበር። ክብሪት ውሻውን አየችው። ሴትዮዋም ክብሪት ውሻውን ስታይ አዩ።

«እሱ እንኳ ይሄ ላይ አይተኛም» አለች ክብሪት፤ ፌስታሉን ደፉ ላይ አስቀምጣ ዞረች።

«ባለጌ! እናትሽን አውቃታለሁ! ስልኳ አለኝ!» የሚል ድምፅ መንገዱን ሙሉ ተከተላት። እሷ ግን እንደዚያ ቀሏት አያውቅም። እየሮጠች መሳቅ አማራት።

ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ነው። ወጣት ነው፤ የአንድ ደንበኛ ጢም ላይ አረፋ እየቀባ ነበር። ክብሪት አንዷን ጫማ መስታወቱ ሥር፣ መቀሶቹ መሃል አስቀመጠችለት።

«አንድ እግር ያለው ሰው እንዲፈለግልህ ነው?»

ወጣቱ ጫማዋን አየ። ከዚያ ብሩሹን እንደያዘ ጭንቅላቱን ያዘ፤ አረፋው ፀጉሩ ላይ ቀረ።

«ውይ! አልጋ ሥር ቀርታ ነው! ቆይ፣ ቆይ እንዳትሄጂ!» ደንበኛውን በአረፋው ጥሎ ወደ ጓዳ ሮጠ። ሌላኛዋን ጫማ ይዞ ሲመለስ በሱሪው እየወለወላት ነበር። «አዲስ ናት ማለት ይቻላል፤ ለሠርግ ገዝቻት ጠበበችኝ። አንድ እግር ልኬ! ምን ይሉኝ ነበር? አንቺ ልጅ፣ ነፍስ ነሽ!»

ደንበኛው ከነአረፋው ሳቀ። ክብሪት ግን አልሳቀችም። መብረድ አልፈለገችም። ሁለቱን ጫማዎች ማሰሪያቸውን አቆራኝታ ጆንያው ውስጥ ከተተችና፣ ቁጣዋን በደንብ የምታወጣበት ሰው ጋ እግሯን አፈጠነች።

እኚያ ሰው ጋሼ ዝምበሉ ናቸው።

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሰፈሩ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሰፈሩ ልጆች እውነተኛ ስማቸውን አያውቁም፤ ኳስ ሲነጥር፣ ሰው ሲስቅ፣ ብስክሌት ሲንጫጫ መስኮቱን ከፍተው «ዝም በሉ!» ስለሚሉ እሱው ስማቸው ሆኖ ቀረ። የሰጧት ግራጫ ብርድ ልብስ ነው። መሃሉ ላይ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለበት፤ ዙሪያው ተቃጥሏል። ክብሪት መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታጠና መጣች። «ለቀዳዳው ሰው እንፈልጋለን?» ልትል ነው። ወይስ «ይሄ ብርድ ልብስ ነው መስኮት?»

አንኳኳች።

«ዝም በሉ ብያለሁ!» አለ ድምፁ ከውስጥ።

«ብቻዬን ነኝ!» ብላ ጮኸች።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ሹራብ ደርበው፣ በሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ ደርበው ቆመዋል። ክብሪት ያጠናችው ሁሉ ጠፋባትና ብርድ ልብሱን ብቻ ዘረጋች።

«ተመልሷል። ቀዳዳ አለበት።»

ይጮሃሉ ብላ ጠበቀች። አልጮሁም። ብርድ ልብሱን ተቀብለው ገለጡት፤ ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው የራሳቸውን ጣት አዩት።

«አልተቀበሉትም?» አሉ ቀስ ብለው።

ክብሪት ጆንያውን ከትከሻዋ አወረደች።

«ማሞቂያው ነው ያቃጠለው። ልጥፈው አስቤ ነበር፣ ዓይኔ ክር አላስገባ አለኝ እንጂ።» ብርድ ልብሱን አፍንጫቸው አጠገብ አደረጉት። «አጥቤዋለሁ ግን። ሁለቴ አጥቤዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አዳራሹ ውስጥም ሸቷት ነበር፤ ቀዳዳውን እንጂ ሽታውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

በትከሻቸው በኩል ክፍሉ ይታያል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ፍርስራሽ ያሳያል። አልጋው በደንብ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብስ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ግን የአውቶቡስ ድርጅቱ አርማ ያለበት የድሮ የሥራ ካፖርት ተዘርግቷል፤ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። ክፍሉ ከኮሪደሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ዝምበሉ። ወንበር ጎተቱ። ክብሪት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባት ወንበሩ ላይ ወጥተው የመጋረጃውን ቀለበቶች ከብረቱ ማላቀቅ ጀመሩ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሄ ወፍራም ነው። ቀዳዳ የለውም።»

«ኧረ ይውረዱ ጋሼ፣ ይወድቃሉ!»

«ዝም በይ!» ቁጣቸው ተመለሰ። «ያቺን ሴትዮ አላየሻትም? ካልሲ እጇ ላይ ያደረገችውን? የምትጣራውን?»

«አይቻታለሁ» አለች ክብሪት።

«እና መጋረጃ ምን ያደርግልኛል? እኔ ምን አለኝና ነው የምደበቀው? ብርድ ልብሱ ካልሆነ ይሄን ውሰጂላት።»

ክብሪት የወንበሩን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ንዴቷ አሁን ዞሮ ወደ ራሷ ሆነ። እኚህን ሰውዬ በር ላይ ለማዋረድ መንገዱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ መጥታለች።

«አልመለሱትም ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ማለቴ… ልጥፈው ነው። ክሩን እንዲመርጡልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ዝምበሉ ከወንበሩ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩአት። አውቶቡስ ሲነዱ በመስታወት ሌባ ተሳፋሪ የሚያዩበት አስተያየት ሳይሆን አይቀርም። እንዳላመኗት ገባት። ግን ቀስ ብለው ወረዱ።

«ቀይ» አሉ።

«ግራጫ እኮ ነው ብርድ ልብሱ።»

«ቀይ አድርጊው። የተጠገነ መሆኑ ይታያት። ቀዳዳ እየፈለገች እንዳትጨነቅ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ሻይ ቀድታ ሳትጠጣው ተቀምጣለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። እናቷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ጣቶቿ ነጥተውና ተሸብሽበው ነው የምትገባው፣ ከዚያ በኋላ እንኳን ጨርቅ ልታጥብ ጨርቅ ልታይ አትፈልግም።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አለች። «የሰው በር ላይ የውስጥ ሱሪ ይዘሽ ቆምሽ?»

«የራሳቸው ነው!»

«የማንም ይሁን! እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳሽ እውላለሁ፣ አንቺ የሰው ጉድ በየበሩ ታዞሪያለሽ? ማነው ዳኛ ያደረገሽ? ሴትዮዋ ስልኬን እስኪግል አነደደችው። ‹ልጅሽን አላሳደግሽም› ነው የምትለኝ፤ እኔን! ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቂያለሽ? ይቅርታ ጠየቅኩ! ባላጠፋሁት!»

«ለምን ጠየቅሽ?» ክብሪት ጆንያውን ወረወረችው። «ለምን ሁልጊዜ አንቺ ትጠይቂያለሽ? የሚያብረቀርቀውን ቀሚስ ረሳሽው? በገመድ አስረሽ የቆምሽበትን? ሲስቁብሽ ዝም ያልሽውን? እሷን የመሰለች ሴት ናት የላከችው! እዚያ ያለች ሴትም ነገ ጆንያ ትፈታለች፣ ልጇም አጠገቧ ቆማ ታያታለች!»

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። በቤታቸው ስለዚያ ቀሚስ ተነጋግረው አያውቁም። ክብሪት እናቷ የረሳችው፣ እናቷም ልጇ የረሳችው ይመስላቸው ነበር።

እናቷ ቀዝቃዛውን ሻይ ወደ አንድ ወገን ገፋችው።

«እጄን ይዘሽ ነበር አይደል» አለች።

«ይዤሽ ነበር።»

«ቀሚሱን የላከችውን ሴት ባገኛት ኖሮ እኔም በሯ ላይ እሄድ ነበር። እዚያ ሆቴል አንሶላ ባሸሁ ቁጥር ምን እንደምላት ሳጠና ስንት ዓመት እንደኖርኩ አትጠይቂኝ።»

«ምን ነበር የምትያት?»

«ስድብ ነዋ! ለልጅ አይነገርም።» እናቷ ሳትፈልግ ፈገግ አለች፤ ወዲያው መልሳ ኮስተር አለች። «በይ፣ ሌላውስ? ሌላ የማን በር ላይ ነው ያዋረድሽን?»

ክብሪት ነገረቻት። ስለ ጫማው፣ ስለ ካፖርቱ አልጋ ላይ መዘርጋት፣ ስለ መጋረጃው። ስትጨርስ እናቷ ብርድ ልብሱን ከጆንያው አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ በአጣቢ እጇ ዳሰሰችው።

«ሙቅ ውሃ ነው ያጠቡት። በእጃቸው» አለች። ተነስታ መሳቢያውን ከፍታ መርፌና ቀይ ክር፣ ከአሮጌ የሱፍ ቀሚሷ የተረፈ ጨርቅ ጨምራ አመጣች። ክብሪት እናቷ ልትሰፋው መስሏት ነበር። እናቷ ግን መርፌውን ዘረጋችላት።

«እኔ ዛሬ ጨርቅ በቃኝ። ሰውዬውን ያስከፋሻቸው አንቺ ነሽ።»

ስፌቱ የተማሪ ስፌት ሆነ። አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ጣቷን ደጋግማ ወጋች፣ በየመሃሉ እየተሳደበች። ስትጨርስ እናቷ የራሳቸውን ትርፍ ብርድ ልብስ አጥፋ በሩ አጠገብ አስቀምጣው ነበር።

«ይሄን ለሰውዬው አድርሺ። ስጦታ ነው ብለሽ እንዳትዪ፣ ፊትሽ ላይ ይዘጉታል። ቁም ሳጥናችን ጠቦን ነው፣ ብርዱ እስኪያልፍ ያስቀምጡልን በያቸው።»

ጋሼ ዝምበሉ «መጋዘን መሰልኳችሁ?» ብለው ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮሁባት። ብርድ ልብሱን ግን ከእጇ ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሌላ መስሏል። ጆንያዎቹ አፋቸው ታስሮ እንደ ተማሪ በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ያ ሁሉ ቆሻሻ ጠፍቷል። የት እንደገባ መጠየቅ አያስፈልግም። ጋዜጠኛው ካሜራውን ያስተካክላል። የጭነት መኪናዋ ሾፌር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴትዮ፣ በሩ ላይ ተደግፋ ዳቦ ትበላለች። ማይክ ማይክሮፎኗን ይዛ ንግግሯን ታነበንባለች። ክብሪትን ስታያት ንባቧን አቋረጠች፤ ሁለቱም ዞር አሉ።

«ዛሬ እንዳታበላሺብን» አሉ ርዕሰ መምህሩ ገና ከሩቅ።

«ይሄን ልጨምር ነው። ጫማም አለ።»

ርዕሰ መምህሩ ብርድ ልብሱን አዩት። የቀዩን ክር መወላገድ አዩ፤ አፍንጫቸውን ነፉ። «ይሄ በካሜራ ያስጠላል። ከታች አድርጊው።»

«ከታች?»

«ከታች፣ አዎ። ሳይታይ።»

ክብሪት የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታች። ያው የላብ ሽታ ተቀበላት። እኚያ ሰውዬ ሁለቴ ያጠቡት ብርድ ልብስ ከዚህ ሥር ሊገባ ነው። ከዚያ እዚያ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል፤ ሳሙናውም፣ ቀዩ ክርም ይጠፋል። ካሜራው ከጀርባዋ ነው። ዞር ብላ ብትናገር በዚያው ቀን ከተማው ሁሉ ይሰማታል። ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና ያን ንግግር አዘጋጅታው ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ ርዕሰ መምህሩን በስም የሚጠራ።

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ሲያዞር ሴትዮዋ ትዝ አለቻት፤ አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠግታ የምትጣራው። ንግግሩ ለእሷ ምን ይሠራላታል?

ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጆንያውን ገለበጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጋዜጠኛው።

«እየለየሁ ነው።»

«ተነሺ!» ርዕሰ መምህሩ በጥርሳቸው መሃል ተናገሩ። «መኪናው እየጠበቀ ነው!»

«መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ» አለች ሾፌሯ ዳቦዋን እያኘከች። «ገና ቁርሴን አልጨረስኩም።»

ክብሪት ቀና አላለችም። እጇ የልጅ ሹራብ ላይ ደረሰ። ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ትናንት ቢሆን ሳታየው ወደ ቆሻሻው ትወረውረው ነበር። አሁን አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፣ እጅጌዎቹን ገለበጠች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካች። ማን እንደሰጠው አታውቅም። አጥፋ ወደ ደህናው ወገን አኖረችው። ቀጥሎ የመጣውን፣ አዲስ የሚመስለውን ነገር ግን ሻጋታ የወረሰውን ጃኬት፣ ወደ ሌላው ወገን ወረወረችው።

ጋዜጠኛው ካሜራውን ይዞ ዙሪያዋን ዞረ፤ እሷ አንድም ቃል ስላልተናገረች ሰለቸውና ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ ያብራሩለት ጀመር።

አጠገቧ ጥላ ወደቀ። የማይክ ጫማ ነው፤ ለካሜራው የተወለወለ።

«የትኛውን ልያዝ?» አለች ማይክ።

ማይክ ማይክሮፎኗን አጥፍታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ንግግርሽስ?»

«‹ውድ ተመልካቾች› ላይ ደርሼ ሽታው መጣብኝ። መቀጠል አቃተኝ።»

«ተናድጄብሻለሁ አሁንም።»

«አውቃለሁ።»

«የምሬን ነው። በጣም ነው የተናደድኩት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ክብሪት ሁለተኛውን ጆንያ ጎተተችው። ክሩ ጠብቆ ታስሯል፤ በጥርሷ ፈታችው። አፉን ከፍታ ለአፍታ ያዘችው። ከዚያ በመሃላቸው አድርጋ፣ እኩሌታውን ወደ ማይክ ጉልበት ገፋችው።

«ከመጣልሽ በፊት አሽትቺው» አለች። «ከዚያ ክርኑን እዪ።»